ብዙ ፓነል ባለው ግራፍ ላይ የዘንግ ወሰን እንዴት ይያዛል? ስለ ማትፕሎትሊብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓይተን የሚማሩ ልጆችም፣ መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያዘጋጁ ጓደኞቼም ደጋግመው የሚያነሱት ጉዳይ ነው። በፓይተን ግራፍ በሚስለው ላይብረሪ፣ በማትፕሎትሊብ፣ አራት አምስት ትንንሽ ግራፎችን (ፓነሎችን) በአንድ ገጽ ላይ ሲደረድሩ ዘንጎቹ አንታዘዝ ይላሉ። አንዱ ከዜሮ ይነሳል፣ ሌላው ከዜሮ በታች። አንዱ 84 ላይ ያበቃል፣ ሌላው 450 ላይ።

ለሁሉም ጥያቄ አንድ ምሳሌ እንያዝ። የአራት ከተሞች ወርሃዊ ዝናብ፣ ሁለት በሁለት ተደርድሮ፦ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ እና ጎዴ። ብዙ የሚዘንብበት ወራቸውን በቅደም ተከተል 280፣ 430፣ 120 እና 80 ሚሊሜትር እንበል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ አጠጋግቼ የወሰድኳቸው ናቸው።

የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ናቸው። «አክስ» ስል አንዱን ፓነል፣ «አክሲዝ» ስል የፓነሎቹን ስብስብ ማለቴ ነው።

ወሰኑን ካልነገርኩት ማትፕሎትሊብ በራሱ ምን ያደርጋል?

የእያንዳንዱን ፓነል ዳታ ለየብቻ ያያል። ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ የልዩነቱን 5 በመቶ ትርፍ ቦታ ይጨምራል። ይህ ልማድ የመጣው በሥሪት 2.0፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ወሰኑን ወደ ድፍን ቁጥር ያጠጋጋው ነበር። የድሮ ኮድ በአዲስ ሥሪት ሲሮጥ የግራፉ መልክ የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጎዴን በመስመር ብትስሉት ዳታው ከ0 እስከ 80 ነው። የ80 አምስት በመቶ 4 ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከ-4 ተነስቶ 84 ላይ ያበቃል። ከዜሮ በታች የሚባል ዝናብ የለም፤ ግራፉ ግን ቦታ ሰጥቶታል። በባር ብትስሉት ግን ከታች ዜሮው ላይ ይጣበቃል፣ ትርፉ ከላይ ብቻ ይሆናል። የባር መነሻ እንዲህ እንዲጣበቅ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። አራቱም ፓነሎች በየራሳቸው ወሰን ስለሚሳሉ የአራቱም ረጅሙ ባር እኩል ቁመት ይይዛል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ገጽ አትሜ ስብሰባ ላይ አደልኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ጎዴ የባሕር ዳርን ያህል ይዘንባል እንዴ?» አሉ። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር። ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ቁመቱን ነው፤ ቁጥሩን የሚያነበው በኋላ ነው፣ ያውም ካነበበው። እሳቸው አልተሳሳቱም፣ ግራፉ ነው ያሳሳታቸው። ከዚያ ወዲህ ወሰኑን ሳልወስን ኮድ መጻፍ አልጀምርም።

አራቱም ፓነል አንድ ወሰን እንዲኖራቸው ምን ልጻፍ?

ገና ፓነሎቹን ስትፈጥሩ ነው የሚነገረው።

«ፊግ, አክሲዝ = ፒኤልቲ.ሰብፕሎትስ(2, 2, ሼርዋይ=ትሩ)»

በቃ። የአራቱም ቋሚ ዘንግ ይያያዛል። ማትፕሎትሊብ የሁሉንም ዳታ አንድ ላይ አይቶ ለትልቁ፣ ማለትም ለባሕር ዳር የሚበቃ ወሰን ይመርጣል። ለአግድሙ ዘንግ ደግሞ «ሼርኤክስ» አለ።

ከ«ትሩ» ሌላ «ሮው» እና «ኮል» የሚሉ ምርጫዎችም አሉ። ላይኛው ረድፍ ዝናብ በሚሊሜትር፣ ታችኛው ረድፍ ሙቀት በዲግሪ ሆነ እንበል። «ትሩ» ካላችሁ የ25 ዲግሪው መስመር 450 በሚደርስ ዘንግ ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል። «ሼርዋይ='ሮው'» ስትሉት እያንዳንዱ ረድፍ ከረድፍ ጓደኛው ጋር ብቻ ይጋራል። አሃዱ የተለያየ ነገር ፈጽሞ አንድ ዘንግ አይጋራ።

መቼ ላጋራ? መቼ ለየብቻ ልተወው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ኮድ ውስጥ የለም። አንባቢያችሁ ገጹን ሲያይ ምን እንዲመለስለት ፈለጋችሁ?

«የት ይበልጥ ይዘንባል?» ከሆነ ማጋራት ግዴታ ነው። ቁመት ከቁመት ጋር የሚወዳደረው መስፈሪያው አንድ ሲሆን ነው። ገበያ ላይ የአንዱን ነጋዴ ጤፍ በኪሎ፣ የሌላውን በጣሳ ሰፍሮ ዋጋ ማወዳደር እንደማይቻለው ነው።

«መቼ ይዘንባል?» ከሆነ ግን ማጋራት ይጎዳል። የጎዴ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፣ በሚያዝያ አካባቢና በጥቅምት አካባቢ። የባሕር ዳር ግን አንድ ትልቅ የክረምት ጉብታ ነው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። አርሶ አደሩ የሚዘራበትን፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚነዳበትን ወቅት ይለያል። አሁን ዘንጉን እስከ 450 አጋሩት። ፓነሉ 5 ሴንቲሜትር ቁመት ቢኖረው የጎዴ ረጅሙ ባር 9 ሚሊሜትር አይሞላም። ሁለቱ ጉብታዎች ጠፍጠፍ ይሉና ዓይን ሳያርፍባቸው ይታለፋሉ። እዚህ ላይ ለየብቻ መተው ይሻላል። ግን በርዕሱ ሥር «የየፓነሉ ቋሚ ዘንግ ይለያያል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይህችን አንዲት መስመር ብጽፍ ኖሮ እኚያ ሰው ያን ጥያቄ አይጠይቁም ነበር።

ሁለቱንም ማሳየት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? እኔ የምወደው መንገድ ዳታውን ራሱን መቀየር ነው። የእያንዳንዱን ወር ዝናብ ለከተማው ዓመታዊ ድምር አካፍሉና በመቶኛ ሳሉት። ያን ጊዜ አራቱም ከተሞች በአንድ ዘንግ ላይ ይገባሉ፤ ቅርጻቸውም ይታያል፣ ማንም አይታለልም። የዝናቡን መጠን በሌላ ግራፍ ወይም በትንሽ ሠንጠረዥ አስቀምጡት። ሥራው ይጨምራል፣ ያዋጣል።

«ፒኤልቲ.ዋይሊም(0, 450)» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው ፓነል ብቻ ተቀየረ። ለምን?

ምክንያቱ ታሪክ አለው። ማትፕሎትሊብን የጀመረው ጆን ሀንተር የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ለማየት ይፈልግ ነበር። ላይብረሪውን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያወጣ አሠራሩን ማትላብ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች እንዲለምዱት አድርጎ ነው። በዚያ አሠራር «አሁን ያለንበት ፓነል» የሚባል ነገር አለ፤ በ«ፒኤልቲ» የሚጀምሩ ትዕዛዞች የሚሠሩት እሱ ላይ ብቻ ነው። «ሰብፕሎትስ» አራት ፓነል ፈጥሮ ሲጨርስ ያለነው መጨረሻው ላይ ነው። ዘንጎቹም አልተጋሩም፤ ስለዚህ ጎዴ ብቻ ተቀየረ።

መፍትሔው ፓነሉን በስሙ መጥራት ነው፦ «አክስ.ሴት_ዋይሊም(0, 450)»። ለሁሉም ከሆነ በ«አክሲዝ.ፍላት» ላይ ሉፕ (ፓነሎቹን አንድ በአንድ የሚያዳርስ ዙር) አድርጉ። ባጭሩ ለመገላገል «ፒኤልቲ.ሴትፒ(አክሲዝ, ዋይሊም=(0, 450))» ይሠራል።

«አክሲዝ.ሴት_ዋይሊም» ብላችሁ በቀጥታ ከጻፋችሁ ግን የነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) አሬይ እንዲህ ያለ ነገር የለውም የሚል ስሕተት ይመጣል። «አክሲዝ» አሬይ፣ ማለትም የፓነሎች ሰልፍ እንጂ ፓነል አይደለም። አንድ ፓነል ብቻ ስትፈጥሩ ደግሞ አሬይ ሳይሆን ፓነሉ ራሱ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ አሬይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ «ስኩዊዝ=ፎልስ» በሉ። የፓነሉ ብዛት ከዳታው ጋር በሚለዋወጥ ኮድ ይህ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ከዜሮ ይነሳ ብዬ አዘዝኩት። አሁን ዘንጉ 1 ላይ ቆሞ ባሮቹ ተቆርጠዋል።

ትዕዛዙን ከመሳላችሁ በፊት ጽፋችሁታል። ባዶ ፓነል ከ0 እስከ 1 ነው። «ሴት_ዋይሊም(ቦተም=0)» ስትሉ ታችኛውን ጫፍ ብቻ የነካችሁ ይመስላችኋል፤ በእውነቱ የዚያን ዘንግ ራስ ሰር ልኬት፣ ማለትም ወሰኑን ከዳታው በራሱ የሚያሰላበትን አሠራር፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁታል። ላይኛው ጫፍ ባለበት 1 ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሳሉ፣ ከዚያ ወስኑ።

ይህ ነገር በተጋራ ዘንግ ላይ ይብሳል። ብዙ ሰው በአንድ ሉፕ ውስጥ ይስልና እዚያው «ሴት_ዋይሊም(ቦተም=0)» ይላል። ምን እንደሚሆን አብረን እንየው። ሉፑ በአዲስ አበባ ይጀምራል። ባሩ ይሳላል፣ ላይኛው ወሰን 294 ይሆናል፤ 280 ሲደመር 5 በመቶው መሆኑ ነው። ወዲያው ታችኛውን ዜሮ ስትሉት ራስ ሰሩ ይጠፋል። ዘንጉ የተጋራ ስለሆነ በአራቱም ላይ ነው የሚጠፋው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ነው፣ 430። ዘንጉ ግን 294 ላይ ደርቋል። የሐምሌ ባር ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ይቆረጣል። ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ ግራፉ ያማረ ይመስላል። ይህ የሚያሳዝነኝ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ያላወቀው ሰው አትሞ ያከፋፍለዋል። አራቱንም ስላችሁ ስትጨርሱ ከሉፑ ውጪ አንድ ጊዜ ወስኑ። በተጋራ ዘንግ ላይ አንዱን ፓነል ማዘዝ ሁሉንም ማዘዝ ነው።

ወሰኑን በእጄ ቁጥር ልጻፍ ወይስ ከዳታው ላስላ?

አንድ ጊዜ ብቻ ለምትጠቀሙበት ግራፍ በእጅ መጻፍ ምንም ችግር የለውም። በየወሩ ለሚታደስ ሪፖርት ግን 450 ብላችሁ አትጻፉ። አንድ ቀን 470 የሚሆን ወር ይመጣል፤ በዝምታ ይቆረጣል። የሁሉንም ከተሞች ትልቁን ቁጥር ፈልጉና በ1.05 አባዙት።

ስታሰሉ የጎደለ ዳታ ካለ ተጠንቀቁ። የነምፓይ «ማክስ» አንድ ባዶ ቦታ ካገኘ መልሱ ራሱ ባዶ ይሆናል፤ ያን ለ«ሴት_ዋይሊም» ስትሰጡት በስሕተት ይቆማል። «ናንማክስ»ን ተጠቀሙ። የሠንጠረዥ ዳታ ላይብረሪው ፓንዳስ ግን ባዶውን በራሱ ይዘላል።

በሌላ በኩል የዛሬውን ሪፖርት ካለፈው ወር ጋር ጎን ለጎን የሚያይ አንባቢ ካላችሁ ወሰኑ በየወሩ መቀያየር የለበትም። ለእሱ ሲባል ሰፋ ያለ ቋሚ ቁጥር መርጣችሁ፣ ዳታው ካለፈው ኮዱ እንዲጮህ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ስጋራ የውስጠኞቹ ፓነሎች ቁጥር ጠፋ። እንዴት ልመልሰው?

«ሰብፕሎትስ» ቦታ ለመቆጠብ የውጪዎቹን ብቻ ያስቀራል። «አክስ.ቲክ_ፓራምስ(ሌብልሌፍት=ትሩ)» ይመልሰዋል። እኔ ብዙ ጊዜ አልመልሰውም።

ዳታው እየታደሰ ነው፣ ዘንጉ ግን አይከተለውም።

መስመሩን በ«ሴት_ዳታ» ስትቀይሩ ወሰኑ በራሱ አይሰላም። «አክስ.ሪሊም()» ከዚያ «አክስ.አውቶስኬል_ቪው()» በሉ። ቀደም ብላችሁ ወሰን በእጅ ሰጥታችሁ ከነበረ ራስ ሰሩ ጠፍቷልና መጀመሪያ በ«አክስ.አውቶስኬል()» አስነሱት።

ዝናብና ሙቀትን በአንድ ፓነል በ«ትዊንኤክስ» (በቀኝ ሁለተኛ ቋሚ ዘንግ በሚጨምረው ትዕዛዝ) ብስል ሁለተኛው ዘንግም ይጋራል?

አይጋራም። «ሼርዋይ=ትሩ» የሚያያይዘው የግራውን ዘንግ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል የተፈጠሩት አራት የሙቀት ዘንጎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ናቸው። ወይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወሰን በእጅ ስጡ፣ ወይ ከሥሪት 3.3 ጀምሮ ባለው «ሼርዋይ» ትዕዛዝ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አያይዙት፦ «ትዊን2.ሼርዋይ(ትዊን1)»።

እውነቱን ለመናገር ሁለት ዘንግ ያለው ፓነል አልመክርም። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ በእናንተ የወሰን ምርጫ የመጣ ነው፤ አንባቢው ግን ትርጉም ይፈልግለታል። ከታች ሁለተኛ ረድፍ ጨምራችሁ ሙቀቱን እዚያ ብታወርዱት ገጹም ይተነፍሳል።

የእኔ ፓነሎች ካርታ ናቸው፣ በቀለም ነው የሚለዩት። እነሱስ ወሰን አላቸው?

አላቸው፣ ያውም ከሁሉም በላይ የሚረሳው ይህ ነው። ቀለምም ዘንግ ነው። ቁጥሮችን በቀለም የሚስለው «ኢምሾው» ካልተነገረው በየፓነሉ ትንሹን ቁጥር ለአንዱ ጫፍ ቀለም፣ ትልቁን ለሌላው ጫፍ ይሰጣል። ስለዚህ የበጋውም ካርታ የክረምቱም ካርታ እኩል ደማቅ ሰማያዊ ይኖራቸዋል። «ሼርዋይ» ቀለም ላይ አይሠራም። ለሁሉም «ቪሚን» እና «ቪማክስ» አንድ ዓይነት ስጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ የቀለም መለኪያ ለሁሉም ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ቀለማቸው የተለያየ ወሰን ላላቸው አራት ካርታዎች አንድ መለኪያ ካስቀመጣችሁ ሦስቱን በስሕተት እያስነበባችሁ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ የሎግ ስኬል ልጠቀም?

ለዝናብ አይሆንም። ሎግ ስኬል እኩል እርምጃ በእኩል እጥፍ (1፣ 10፣ 100) የሚያድግበት ዘንግ ነው፤ እዚያ ላይ ዜሮ ቦታ የለውም። ዝናብ የሌለባቸው ወራት ይጠፋሉ፣ ታችኛውን ወሰን ዜሮ ልበል ብትሉም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ችላ ይለዋል። ሁሉም ቁጥር ከዜሮ በላይ ለሆነበት ዳታ ግን ጥሩ መፍትሔ ነው።

ሲቦርን፣ ፓንዳስ ወይም ፕሎትሊ ብጠቀምስ?

ሦስቱም በፓይተን ግራፍ ይስላሉ፤ ሐሳቡ አንድ ነው፣ መነሻቸው ይለያያል። ሲቦርን በፓነል ሲከፍል ዘንጉን ያጋራል፤ ለመፍታት ለምሳሌ በ«ሬልፕሎት» «ፋሴት_ኪደብሊውኤስ» ውስጥ «ሼርዋይ»ን «ፎልስ» ታደርጋላችሁ። ፓንዳስ በ«ሰብፕሎትስ=ትሩ» ሲስል ቋሚውን ዘንግ አያጋራም፤ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። የፕሎትሊ ኤክስፕረስም እንደ ሲቦርን የተጋራ ነው፤ «አፕዴት_ዋይአክሲዝ(ማቸስ=ነን)» ይፈታዋል። ፕሎትሊ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በሎግ ስኬል ወሰን ስትሰጡ የምትጽፉት የ10ን ርቢ ነው። ከ1 እስከ 1000 ለማለት 0 እና 3 ነው የሚጻፈው።

ወራቱን በእኛ አቆጣጠር በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ፊደል ነው። ከማትፕሎትሊብ ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ «መስከረም» በሚለው ቦታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑና «ፎንት.ፋሚሊ» ላይ ስሙን ስጡት።

ሁለተኛው ይበልጣል። የወሩን ስም በቀጥታ እንደ ጽሑፍ ዳታ አትስጡ። ማትፕሎትሊብ ስሞቹን መጀመሪያ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው የሚደረድራቸው። አንዱ ከተማ የኅዳር ዳታ ከጎደለው ኅዳር ከነሐሴ በኋላ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። ቁጥር ስጡ፣ መስከረም 1፣ ጥቅምት 2 እያላችሁ። ስሙን በ«ሴት_ኤክስቲክስ» እና በ«ሴት_ኤክስቲክሌብልስ» ለጥፉበት። ወሰኑን ደግሞ «ሴት_ኤክስሊም(0.5, 13.5)» አድርጉት፤ አሥራ ሦስቱም ባር እኩል ቦታ ያገኛል፣ ዳታ የጎደለበትም ፓነል ከሌሎቹ ጋር ወር በወር ይገጥማል።

አሥራ ሦስት ስል ጳጉሜን አስታወሰኝ። ዳታውን በእኛ ወራት ደምራችሁ ስትስሉ የባሕር ዳር ባር ነሐሴ ላይ ከፍ ብሎ ጳጉሜ ላይ ድንገት ይወድቅና መስከረም ላይ መልሶ ይነሳል። ዝናቡ አላቆመም። ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ድምሯ ትንሽ ነው። የወሰን ችግር መስሏቸው ዘንጉን ሲያጠብቡና ሲያሰፉ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ። የእያንዳንዱን ወር ድምር ለቀኖቹ ብዛት አካፍሉና በቀን ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘንብ ሳሉ። ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ባሕር ዳርም በቀን ወደ 14 ሚሊሜትር ላይ ስለምትቆም የቋሚው ዘንግ ወሰን 15 ወይም 16 ቢሆን ይበቃል።